ከሐዳር ተነስተን፦ ጂኦግራፊንና የጥንቱን ሰው ታሪክ በነፃ የኢንተርኔት መሣሪያዎች የማስተማር መመሪያ

አንድ የጂኦግራፊ መምህር ቴሌግራም ግሩፕ ላይ «ለማስተማሪያ የሚሆን ዌብሳይት ጠቁሙኝ» ብሎ ሲለጥፍ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ሊንክ ይዘንብለታል። ክፍል ገብቶ የመጀመሪያውን ይነካል፤ ገጹ ይሽከረከራል፤ ተማሪው ይንጫጫል፤ መምህሩም ወደ ጠመኔው ይመለሳል። ሊንክ መሰብሰብ አያስቸግርም። ሊንኩን ወደ ትምህርት መለወጥ ግን ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

አካሄዳችን እንዲህ ነው። አንድ ቦታ እንይዛለን፤ አፋር ውስጥ የሚገኘውን ሐዳርን። አንድ ጥያቄ እንይዛለን፤ የጥንቱ ሰው አጥንት ለምን እዚህ ተገኘ? ከዚያ ይህን ጥያቄ ለመመለስ የሚረዱንን መሣሪያዎች ብቻ እንከፍታለን። ሐዳር ላይ ጂኦግራፊውና ታሪኩ አይነጣጠሉም፤ መሬቱ ባይሰነጠቅ አጥንቱ ተቀብሮ በቀረ ነበር። ስለዚህ የሁለቱ ትምህርት መምህራን ተነጋግረው ቢሠሩት መልካም ነው፤ ካልሆነም አንዱ ብቻውን ይወጣዋል።

የሚያስፈልገው አንድ ላፕቶፕ፣ ከተገኘ ፕሮጀክተር፣ ለዝግጅት ብቻ የሚሆን ኢንተርኔት፣ 44 ሜትር ሲባጎና ሁለት ክፍለ ጊዜ ነው። መመሪያው ከ7ኛ እስከ 10ኛ ክፍል ላሉ ተማሪዎች ታስቦ የተዘጋጀ ነው። ለታናናሾቹ ደረጃ 3ና ደረጃ 7 ይበቃሉ።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን ሰሌዳ ላይ ይጻፉ

ምንም ነገር ከመክፈትዎ በፊት «ለምን አፋር?» ብለው ይጻፉና ሁሉም ተማሪ ግምቱን በደብተሩ ያስፍር። አብዛኛው «የሰው ዘር የተገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሆነ ነው» ይላል። አያርሙት። ይህ መልስ ግማሹን ብቻ ነው የያዘው፤ በሌላ ቦታም የኖሩ ነበሩ፣ አጥንታቸው ግን በስብሶ ጠፋ። ሌላውን ግማሽ ከመሬቱ ላይ ራሳቸው ያገኙታል።

ደረጃ 2፦ ጎግል ኧርዝን ቤትዎ ሳሉ ያዘጋጁ

ጎግል ኧርዝ በስልክም በብራውዘርም ይሠራል። ለክፍል የምመክረው ግን ኮምፒውተር ላይ የሚጫነውን ጎግል ኧርዝ ፕሮን ነው። ነፃ ነው፣ የከፍታ ግራፍ ይሠራል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አንዴ ያዩትን ምስል ኮምፒውተሩ ላይ ያስቀምጣል። ብዙ መምህራን የማያውቁት ይህን የመጨረሻውን ነው፤ ኔትወርክ በሌለበት ክፍል የሚያድነውም እሱ ነው።

ከጫኑት በኋላ «ቱልስ» ውስጥ «ኦፕሽንስ» የሚለውን ይክፈቱ፤ «ካሽ» በሚለው ገጽ የዲስኩን መጠን እስከ 2,000 ሜጋባይት ከፍ ያድርጉት። «ስሪ ዲ ቪው» በሚለው ገጽ ደግሞ የከፍታ ማጉያውን 2 ላይ ቢያደርጉት ገደሉ ጎልቶ ይታያል። መጎላቱን ለተማሪዎች መንገር ግን አይርሱ፤ አለዚያ የጣርማበርን ቁልቁለት ግድግዳ አድርገው ይዘውት ይሄዳሉ።

አሁን መንገዱን ይሥሩ። «አድ ፓዝ» የሚለውን ነክተው አዲስ አበባን፣ ደብረ ብርሃንን፣ ደብረ ሲናን፣ ሸዋ ሮቢትን፣ ከዚያ ሐዳርን ተራ በተራ ይንኩ። ሐዳርን በስሙ ፈልጎ ካላገኘው መፈለጊያው ላይ 11.1, 40.6 ብለው ያስገቡ፤ አካባቢው ላይ ያደርስዎታል። በመጨረሻ መንገዱን ሁሉ ቀስ ብለው ይብረሩበት፤ ክፍል ውስጥ በሚያሳዩት ቅርበት ልክ ወደ መሬት ወርደው፣ ምስሉ እስኪጠራ ጠብቀው ይለፉ። ያላዩት ቦታ አይቀመጥም። ከዚያ ኢንተርኔቱን አጥፍተው እንደገና ይሞክሩት። የደበዘዘ ቦታ ካለ ያኔ ይታያል።

ደረጃ 3፦ ከአዲስ አበባ ወደ ሐዳር ይውረዱ

ክፍል ውስጥ፣ ቀድመው የሠሩት መስመር ላይ በማውሱ የቀኝ ቁልፍ ነክተው «ሾው ኤሌቬሽን ፕሮፋይል» ይበሉ። ከታች ግራፍ ይወጣል። ወደ ወሎ በአውቶቡስ የሄደ ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋምና እሱን ያስነሱት። ጣርማበር ላይ ያለውን ጉምና ብርድ፣ ቁልቁል ሲወርዱ ጆሮ መደፈኑን፣ ሸዋ ሮቢት ሲደርሱ ጃኬት መወለቁን ይናገር። ከዚያ የተናገረውን ግራፉ ላይ በጣቱ ያሳይ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ የነበረው መስመር ወደ 1,300 ሜትር ገደማ ይወርዳል፣ ሐዳር ሲደርስ ደግሞ ወደ 500 ሜትር አካባቢ። በአየር መስመር ከአዲስ አበባ ያለው ርቀት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። እንዲህ ከተሠራ ግራፍ ማንበብ የሚቸገር ተማሪ ብዙ አይኖርም።

ቀጥሎ አዋሽን ይከተሉ። ወንዙ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ካለው ደጋ ተነስቶ፣ ቆቃን አልፎ፣ ስምጥ ሸለቆውን ይዞ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይጓዛል። የት እንደሚያልቅ ተማሪዎቹ እስኪያገኙ ዝም ይበሉ። «ቀይ ባሕር» የሚል ይኖራል። ወንዙ ግን ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያበቃል። መውጫ የሌለው ረባዳ መሬት ማለት ውኃ ያመጣው ደለል እዚያው የሚቀርበት መሬት ማለት ነው። አጥንት ለመቅበር ከዚህ የተሻለ ቦታ አይገኝም።

ሐዳር ላይ ሲደርሱ ምስሉን ጋደም አድርገው ይቅረቡ። ዕፅዋት አልባ፣ በጎርፍ የተሸነሸነ፣ ሽንሽኑ ውስጥ የተደራረቡ የአፈር መስመሮች የሚታዩበት መሬት ነው። «ቅሪተ አካል ፈላጊ ብትሆኑ ጫካ ውስጥ ትገቡ ነበር ወይስ እዚህ?» ብለው ይጠይቁ።

ደረጃ 4፦ መሬቱ ለምን ተሰነጠቀ

እዚህ ብዙ አይቆዩ። አፋር የኑቢያ፣ የሶማሊያና የዓረቢያ ፕሌቶች (ትልልቅ የምድር ቅርፊት ቁራጮች) የሚለያዩበት መገናኛ ነው፤ ቀይ ባሕር፣ የኤደን ባሕረ ሰላጤና የምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሦስቱም እዚህ ይገጥማሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 አፋር ውስጥ ባለው የደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ የቀለጠ ዐለት ከመሬት በታች ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመት ሰርጎ ገብቶ መሬቱን በቀናት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ድረስ ከፍቶታል።

ተማሪው «ይህ የድሮ ነው» እንዳይል የአሜሪካው የሥነ ምድር ተቋም ዩኤስጂኤስ ያዘጋጀውን የመሬት መንቀጥቀጥ መዝገብ ይጠቀሙ። «ሰርች ኧርዝኩዌክ ካታሎግ» የሚለውን ገጽ ከፍተው ጊዜውን ከመስከረም እስከ መጋቢት 2017 ዓ.ም. ያድርጉ፤ ገጹ የሚቀበለው በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ከሴፕቴምበር 2024 እስከ ማርች 2025 ብለው ይሙሉት። መጠኑን ከ4 በላይ ይምረጡና በካርታው ላይ አዋሽ ከተማንና የፈንታሌን እሳተ ገሞራ የሚያካትት አራት ማዕዘን ይሳሉ። የሚወጡት ነጥቦች ሸለቆውን ይዘው ይሰለፋሉ። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ተኝቶ አልጋው የተወዛወዘበት ተማሪ ያለ ጥርጥር አለ፤ በአካባቢው የነበሩ ብዙ ሺህ ሰዎች ደግሞ ከቤታቸው ተነስተዋል። ካርታውን ፎቶ አንስተው ያስቀምጡት፤ ክፍል ውስጥ ምስሉ ይበቃል።

ደረጃ 5፦ ዕድሜው እንዴት ታወቀ

ብልህ ተማሪ የሚጠይቀው እዚህ ጋ ነው፤ «የሐዳሯ ድንቅነሽ (ሉሲ) ዕድሜ 3.2 ሚሊዮን ዓመት መሆኑን በምን አወቁ?» ይላል። ብዙ ድረ ገጽ ቁጥሩን ብቻ ጥሎ ያልፋል።

መልሱ አመድ ነው። እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ አመዱ ሐይቁና ደለሉ ላይ ይነጠፋል። በአመዱ ማዕድናት ውስጥ ያለው ፖታሲየም ቀስ እያለ፣ በሚታወቅ ፍጥነት ወደ አርጎን ይለወጣል፤ የተጠራቀመው አርጎን ሲለካ አመዱ የወደቀበት ዘመን ይገኛል። አጥንቱ ከላይና ከታች ባሉት ሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ከሆነ ዕድሜውም በመካከላቸው ይሆናል። ካርበን 14 እዚህ አይሠራም፤ ከ50,000 ዓመት ገደማ ያለፈ ነገር ለእሱ ከአቅም በላይ ነው። መጽሐፍ ላይ ካርበን 14 በደንብ ስለሚነገር ተማሪዎች ይህን ያምታቱታል።

ለልምምድ በኦሞ ወንዝ ሸለቆ ያለውን ኦሞ ኪቢሽን ይውሰዱ። እዚያ እ.ኤ.አ. በ1967 የተገኘው የዘመናዊ ሰው ቅሪተ አካል በ2005 ጥናት 195,000 ዓመት ተሰጥቶት ነበር። በ2022 የወጣ ጥናት ከቅሪተ አካሉ በላይ ያለውን አመድ ከሻላ እሳተ ገሞራ ትልቅ ፍንዳታ ጋር አገናኝቶ ዕድሜውን ቢያንስ ወደ 230,000 ዓመት ከፍ አድርጎታል። ተማሪዎቹ በጎግል ኧርዝ ማስመሪያ ከሻላ ሐይቅ እስከ ኪቢሽ ይለኩ፤ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ያገኛሉ። ብዙዎቹ በላንጋኖ መንገድ ሲያልፉ የሚያዩት ያ ሐይቅ የፈነዳ ተራራ አፍ መሆኑ ራሱ ያስደንቃቸዋል።

ከዚህ የሚወጣ አንድ የድረ ገጽ አጠቃቀም ደንብ አለ። ስለ ጥንቱ ሰው የተጻፈ ገጽ ሲያገኙ መጀመሪያ የተጻፈበትን ዓመት ይዩ። ኪቢሽን 195,000 የሚል ገጽ ዋሾ አይደለም፤ ግን አርጅቷል። የመማሪያ መጽሐፉም እንደዚያው ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩን ተማሪው ፊት ከማጥላላት «ከዚህ በኋላ አዲስ ልኬት መጥቷል» ብሎ ሁለቱንም ማጻፍ ይሻላል።

ደረጃ 6፦ አጥንቱን ስክሪን ላይ ያገላብጡት

ሉሲ የምንላት ድንቅነሽ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 24 ቀን 1974፣ በእኛ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ሐዳር ላይ ያገኟት ናት። ብሔራዊ ሙዚየም ሄዶ መስታወት ውስጥ ያያት ተማሪ ያየው ቅጂውን ነው፤ ዋናው አጥንት በጥንቃቄ ተቆልፎ ይቀመጣል። ስለዚህ ስክሪን ላይ ባለ ሦስት አቅጣጫ ምስል ማየት ከሙዚየሙ ጉብኝት ብዙም አያንስም፤ እንዲያውም ማገላበጥ ይቻላል።

ሦስት ቦታዎች ይበቁዎታል። የመጀመሪያው የስሚዝሶኒያን «ሂውማን ኦሪጅንስ» ገጽ ነው፤ የራስ ቅሎችን፣ የድንጋይ መሣሪያዎችንና ለማነጻጸር የሚሆኑ የዝንጀሮና የቺምፓንዚ አጥንቶችን በጣት እያዞሩ ያሳያል። ሁለተኛው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ያዘጋጀው «ኢሉሲ» ነው። ድንቅነሽ አሜሪካ በሄደችበት ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 ኦስቲን ላይ በሲቲ ስካን ተነስታለች፤ በ2016 ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል በተሰጠ ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ፋይል ለሕዝብ ተለቋል። ስሪ ዲ ፕሪንተር ያለው ኮሌጅ ወይም ማዕከል በአቅራቢያዎ ካለ አንድ ጉልበት እንዲያትሙልዎ ይለምኑ። ሦስተኛው «አፍሪካን ፎሲልስ» ሲሆን የኬንያን፣ በተለይም የቱርካና ሐይቅ አካባቢ ግኝቶችን ይዟል። ቱርካና በሰሜን ጫፉ የኦሞ ወንዝ መግቢያ ስለሆነ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ፍለጋ ላይ አንድ ብልሃት አለ። «ሉሲ» ብለው ብቻ ከፈለጉ ፊልምና ዘፋኝ ይመጣብዎታል። በመዝገብ ቁጥሯ፣ «ኤ ኤል 288-1» ብለው በላቲን ፊደል ከጻፉ ግን ሙዚየምና ዩኒቨርሲቲ ከፊት ይሰለፋሉ። ለሌሎቹም ቅሪተ አካላት እንዲሁ ነው። የመዝገብ ቁጥር የማይጠቅስ «አዲስ ግኝት» ፌስቡክ ላይ ካዩ ይለፉት፤ አሁን ደግሞ በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ የተሠራ የውሸት አጥንት ፎቶ በዝቷል።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ተማሪዎች እግራቸውን ገጥመው ይቁሙ። መዳፋቸውን ዳሌያቸው ጎን ላይ አድርገው ጭናቸውን እየዳሰሱ እስከ ጉልበት ይውረዱ። እጃቸው ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ የጭናችን አጥንት ከዳሌ ወደ ጉልበት ሰያፍ ነውና። ከዚያ ስክሪኑ ላይ የቺምፓንዚን የጭን አጥንት ታችኛ ጫፍ ያሳዩ፤ ቀጥ ያለ ነው። ቺምፓንዚ ቆሞ ሲሄድ ግራና ቀኝ የሚወላገደው ለዚህ ነው። ቀጥለው የድንቅነሽን ያሳዩና ምንም ሳይሉ «የማንን ይመስላል?» ብለው ይጠይቁ። ክፍሉ ራሱ «የእኛን» ይላል። ጊዜ ካለ የራስ ቅሎችን ገልብጠው የአከርካሪው ገመድ የሚያልፍበት ቀዳዳ የት እንዳለ ያወዳድሩ፤ በሰው መሐል ላይ፣ በቺምፓንዚ ወደ ኋላ ነው።

ሁለት ነገር ይጠንቀቁ። አንደኛ፣ ጎብጦ ከሚሄድ ዝንጀሮ ተነስቶ ቀጥ ብሎ በሚሄድ ሰው የሚያልቀውን የታወቀ የሰልፍ ሥዕል አይጠቀሙ። በየድረ ገጹ አለ፤ ግን አንዱ ዓይነት ወደ ሌላው በቀጥታ የተለወጠ ያስመስላል። በአንድ ዘመን ጎን ለጎን የኖሩ ዓይነቶች ስለነበሩ የስሚዝሶኒያንን የቤተሰብ ዛፍ ማሳየት ይሻላል። ሁለተኛ፣ የእምነት ጥያቄ ይነሳል፤ መነሳቱም ያለ ነው። ክርክር አይክፈቱ፣ ተማሪውንም አያሸማቅቁ። «ዛሬ የምንማረው ምን እንደተገኘ፣ የት እንደተገኘና እንዴት እንደተለካ ነው፤ ፈተናውም ይህንኑ ይጠይቃል» ማለት በቂ ነው። ከቤተሰብ ስልክ ሊመጣ ስለሚችል ርዕሰ መምህሩ አስቀድመው ቢያውቁ አይከፋም።

ደረጃ 7፦ ሲባጎውን ሜዳ ላይ ይዘርጉ

ለዘመን ሰንጠረዥ የሚሆኑ የኢንተርኔት መሣሪያዎች ሞልተዋል። እኔ ግን ሲባጎን እመርጣለሁ፤ ስክሪን ላይ ሚሊዮንና ሺህ እኩል ይመስላሉ።

1 ሜትር 100,000 ዓመት ይሁን። የባንዲራው ምሰሶ ዛሬ ነው። ከዚያ ተነስታችሁ እያንዳንዱ ተማሪ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዞ ቦታው ላይ ይቁም፤ አራሚስ ላይ የተገኘችው አርዲ 44 ሜትር ላይ፣ ዲኪካ ላይ ዘረሰናይ ዓለምሰገድ ያገኛት ሕፃኗ ሰላም 33 ላይ፣ ድንቅነሽ 32 ላይ፣ አፋር ውስጥ የተገኙት የሌዲ ገራሩ መንጋጋ 28 ላይ፣ የጎና የድንጋይ መሣሪያዎች 26 ላይ። ከዚያ ረጅም ባዶ ይመጣል። የኪቢሽ ሰው 2.3 ሜትር፣ አፋር ውስጥ የተገኙት የሄርቶ የራስ ቅሎች 1.6 ሜትር ላይ ናቸው። የሞሮኮውን የጀበል ኢርሁድ ቅሪተ አካልም 3 ሜትር ላይ ያቁሙ፤ ሁሉም ነገር ከኢትዮጵያ ተነሳ የሚል ተማሪ ይህን ማየት አለበት።

በመጨረሻ «አክሱምስ?» ይበሉ። 2 ሴንቲ ሜትር ነው። ላሊበላ 8 ሚሊ ሜትር፣ ዓድዋ ከ1 ሚሊ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ዓድዋን የያዘው ልጅ የሚቆምበት ቦታ ያጣል፤ ምሰሶውን ታቅፎ ይቆማል።

ደረጃ 8፦ ኔትወርክም መብራትም ለጠፋበት ቀን

ኪዊክስ የሚባለውን መተግበሪያ ስልክዎና ላፕቶፕዎ ላይ ይጫኑ። ሙሉ ዊኪፒዲያን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ያነብባል፤ ፎቶ የሌለውን ቅጂ ቢመርጡ በጣም ይቀላል። የአማርኛው ዊኪፒዲያ ወደ 15 ሺህ ገደማ ጽሑፍ ብቻ ስላለው ስለ ቅሪተ አካል የሚያገኙት ጥቂት ነው፤ እንግሊዝኛውን አንብበው በራስዎ አንደበት ያስረዱ። የሚዞሩትን አጥንቶች ደግሞ በስልክ ስክሪን ሪከርደር ለግማሽ ደቂቃ ይቅረጹና በክፍሉ የቴሌግራም ቻናል ይልቀቁ፤ ስልክ ትምህርት ቤት ውስጥ ቢከለከል ማታ ቤት ያዩታል። መብራት ከሄደ የከፍታ ግራፉና የመንቀጥቀጡ ካርታ በአንድ አንድ ወረቀት ታትመው ይኑሩዎት። ባዶ የአፍሪካ ካርታ «ዲ ማፕስ» ከሚባለው ገጽ በነፃ ይወርዳል።

በዋሽንግተን አካባቢ፣ በቴል አቪቭ ወይም በስቶክሆልም የቅዳሜ የአማርኛ ትምህርት የምታስተምሩ፣ የእናንተ ችግር ኔትወርክ ስላልሆነ ደረጃ 8ን ዝለሉት። ልጆቹ ገጾቹን በሚያውቁት ቋንቋ ያንብቡ፤ ሲባጎው ላይ ሲቆሙ ግን እያንዳንዳቸው የያዙትን በአማርኛ ይናገሩ። ለወላጅም ደስ የሚል ሰዓት ይሆናል።

ደረጃ 9፦ የቡድን ሥራ

ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ቦታ ይስጡ፦ አራሚስ፣ ጎና፣ ሄርቶ፣ ኦሞ ኪቢሽ፣ መልካ ቁንጡሬ። ሥራው የሐዳሩ ዓይነት የከፍታ መስመር፣ አንድ የአጥንት ወይም የመሣሪያ ምስልና «ለምን እዚህ?» ለሚለው ጥያቄ ግማሽ ገጽ መልስ ነው። ኮምፒውተር የሌለው ቡድን በታተመ ካርታ ይሥራ፤ ማርኩ አይቀነስበት።

ጎበዙን ቡድን መልካ ቁንጡሬ ላይ ያድርጉት። ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በቡታጅራ መንገድ፣ አዋሽ ላይ ያለ ቦታ ነው፤ በአቅራቢያው ካለው ባልጪት ጋር እ.ኤ.አ. በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኗል። ከፍታው ግን 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ብርድ አለ፣ ደጋ ነው፣ አፋርን አይመስልም። «ረባዳ፣ ሞቃት፣ የተሰነጠቀ» የሚለው የክፍሉ መልስ እዚህ ላይ ይንገዳገዳል። ቡድኑ ባልጪት ምን ዓይነት ድንጋይ እንዳለበት ካወቀ ግማሽ መንገድ ሄዷል። አዲስ አበባ የምትኖሩ ደግሞ በአንድ ቅዳሜ ደርሳችሁ ልትመለሱ ትችላላችሁ፤ በቦታው ሙዚየም አለ።

ቡድኖቹ ሲጨርሱ መስመሮቻቸውን «ሴቭ ፕሌስ አዝ» ብለው ፋይል አድርገው ያስረክቡ። ፋይሎቹ ትንንሽ ስለሆኑ አንድ ፍላሽ የብዙ ዓመት ክፍሎችን ይይዛል፤ ስማቸውን በቦታውና በዓመተ ምሕረቱ ይሰይሙት።